የቆረጥኳቸው ክሮች

ለከተራ ሁለት ቀን ሲቀረው ማራኪ አካባቢ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ደወሉልኝ። «ምጣዱ እምቢ አለ፤ የሆነ ነገርም ይሸታል» አሉኝ። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ የእንጀራ ምጣድ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የከተማው ሰው ያውቀዋል። እንግዳው ገብቷል፣ ሊጡ ቦክቷል። የቦካ ሊጥ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም።

መስመሩን የዘረጋሁት እኔው ነኝ፤ ከሦስት ወር በፊት። ገና በሩ ላይ ሆኜ «እትዬ፣ መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል ነው» ብዬ ፈረድኩ። ይቺ የእኛ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የተለመደች ማምለጫ ናት።

ብሬከሩን አውርጄ የማገናኛ ሳጥኑን ስከፍት ሞርሴቶው፣ ገመድ ከገመድ የሚታሰርበት የፕላስቲክ መጋጠሚያ፣ እንደ ሰም ፈሷል። መዳቡ ጠቁሯል። ያኔ ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ።

የገመዱ ውፍረት 6 ስኩዌር (ካሬ ሚሊሜትር) ነበር። የዚያን ቀን ቦርሳዬ ውስጥ የተረፈው ሞርሴቶ ግን የ2.5 ነው። ሱቅ ድረስ መመለስ ታከተኝ። ገመዱ አልገባ ሲለኝ ክሮቹን በፒንሳ ቆረጥ ቆረጥ አድርጌ አቀጠንኩት። በካቻቢቴ አጠበቅኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ። ከውጭ ሲያዩት ያምር ነበር።

የሞርሴቶ ቁጥር ለጌጥ አይታተምም። የ2.5ቱ 24 አምፔር ነው የሚችለው፣ የ6ቱ 41። የእትዬ ምጣዶች ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 3,500 ዋት። 7,000ን ለ220 ቮልት ስታካፍሉት 32 አምፔር ገደማ ይመጣል። ይህን ለማስላት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፤ እኔ ግን አላሰላሁም።

«ታዲያ ብሬከሩ ምነው ዝም አለ?» አሉ እትዬ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብሬከሩ 40 አምፔር ነው፤ 32 ሲያልፍበት ምን ቸገረው? እሱ የሚያልፈውን ይቆጥራል እንጂ መጋጠሚያው መጋሉን አያውቅም። እዚያ ቦታ መብራቱን የሚያውክ 0.05 ኦም ሬዚስታንስ ብቻ ቢፈጠር፣ 32 በ32፣ ከዚያ በ0.05 ሲባዛ 51 ዋት ሙቀት ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥበት ካውያ በሉት፤ ጣት በማታክል ፕላስቲክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተለኩሶ። ሲግል ይላላል፣ ሲላላ ይብስበታል።

ሮጥ ብዬ አራዳ ወረድኩ። የ10 ስኩዌር ሞርሴቶ ገዛሁ፤ 57 አምፔር የሚችል። የጠቆረውን ቆርጬ ቀዩ መዳብ እስኪወጣ ላጥኩ። አንድም ክር ሳላስቀር አስገባሁ። ሁለቱም ምጣዶች ግማሽ ሰዓት ከሠሩ በኋላ ብሬከሩን አውርጄ ነካሁት፤ ለብ እንኳ አላለም።

ሒሳብ አልጠየቅኩም። መብራቱ ላይ ያሳበብኩትም ውሸት እንደሆነ ነገርኳቸው። እትዬ ምንም አላሉም። ሊጡን አዞሩ፣ ከደኑ፣ አወጡ። የመጀመሪያዋን፣ ዓይን የሌላትን፣ ጠርዟ የተቆራረሰውን ማሟሻ በሰፌድ አቀረቡልኝ።

«ቤቴን ማሟሻ አድርገኸው የለ! እንካ፣ የአንተ ድርሻ ይቺ ናት።»