ሽፋኑ አንድ፣ ሸክላው ሁለት

ፒያኒስቱ ማርቲን ዴኒ «ኤግዞቲካ» የተባለ አልበሙን ሁለት ጊዜ ነው የቀረጸው። የቆየ የላውንጅ (ለባርና ለሳሎን ግብዣ የተሠራ ለስላሳ ሙዚቃ) ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ይህችን ካላወቀ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ያልፈለገውን ይዞ ቤቱ ይገባል። በሁለቱም ሽፋን ላይ ሞዴሏ ሳንዲ ዋርነር በቀርከሃው መጋረጃ መሃል አሻግራ ታያለች፤ የዜማዎቹም ዝርዝር ያው ነው። መርፌው በሚሄድበት ቦይ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው። ሞኖው፣ ማለትም ድምፁ ግራና ቀኝ ያልተለየው፣ በ1956 መገባደጃ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሃዋይ፣ ዋይኪኪ ላይ ተቀርጾ በ1957 ታተመ። ቪብራፎኑን፣ ማለትም በመዶሻ የሚመታውን የብረት መሣሪያ፣ የሚጫወተው አርተር ላይማን ነው። በ1958 ግራና ቀኙ የተለየ ድምፅ ያለው የስቴሪዮ ሸክላ ገበያ ሲገባ፣ አሳታሚው ሊበርቲ ያንኑ ሥራ በስቴሪዮ እንደ አዲስ አስቀረጸ። ላይማን ግን ያኔ የራሱን ቡድን ይዞ ሄዷል፤ በቦታው የገባው ጁሊየስ ዌክተር ነው።

ስቴሪዮው የጠራና የተስተካከለ ነው። ሞኖው ደግሞ ገና ያልተለመደ ነገር የሚሞክሩ ሰዎች ድፍረት አለበት። ዴኒ ራሱ ሞኖውን እንደሚመርጥ ተናግሯል፤ እኔም አንዱን ብቻ ውሰድ ብባል ሞኖውን ነው የማነሳው። መለያው ቁጥሩ ነው፦ ኤልአርፒ 3034 ከሆነ ሞኖ፣ ኤልኤስቲ 7034 ከሆነ ስቴሪዮ። ይህን ከሽፋኑ ላይ ብቻ አንብቦ መክፈል ግን አያዋጣም። በስድሳ ዓመት ውስጥ ሸክላው ከሽፋን ሽፋን ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ሸክላውን ስቦ አውጥቶ መሃሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ማንበብ፣ ቀጥሎም ሙዚቃው አልቆ ወረቀቱ እስኪጀምር ባለው ባዶ ቀለበት ላይ የተጫረውን ቁጥር ማየት ነው። ሦስቱ ካልተስማሙ እውነቱ ያለው ቀለበቱ ላይ ነው።

ኤግዞቲካ የሚለው ቃል ራሱ ከሽፋን የወጣ ነው ማለት ይቻላል። ቃሉን ያወጣው የሊበርቲው ሳይመን ዋሮንከር ነው፤ ከዚህ አልበም ተነስቶ የሙዚቃው ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ሙዚቃው የተወለደው ደግሞ ሃዋያን ቪሌጅ በሚባል ሆቴል፣ ሼል ባር ውስጥ ነው። ከመድረኩ አጠገብ ባለው ኩሬ እንቁራሪቶች ይጮሃሉ፤ ሙዚቀኞቹም ለጨዋታ ብለው የወፍ ድምፅ ያሰማሉ፤ ሰው ወደደው፣ ሥራ ሆነ። የወፉን ድምፅ በማሰማት ስሙ የሚነሳው ኮንጋና ቦንጎ መቺው ኦጊ ኮሎን ነው። ዋናው ዜማ «ኳየት ቪሌጅ» ግን የዴኒ ድርሰት አይደለም። ደራሲው ሌስ ባክስተር በ1951 ለካፒቶል ኩባንያ ባሳተመው አልበም ላይ በትልቅ ኦርኬስትራ አስቀድሞ ሠርቶታል። የዴኒው በ1959 በነጠላ ሸክላ ወጥቶ በአሜሪካው የቢልቦርድ ሠንጠረዥ ላይ 4ኛ ደረጃ ደረሰ፤ አልበሙም በዚያው ዓመት 1ኛ ሆነ። ይህን የምጽፈው ለታሪኩ ብዬ ብቻ አይደለም። 1ኛ የወጣ አልበም ብርቅ አይሆንም። «በጣም ጥቂት ነው የተረፈው» የሚል ሻጭ ሲገጥም ሸክላውን መልሶ አስቀምጦ መሄድ ነው። ጥቂት የሆነው ሸክላው ሳይሆን ያልተጫረው ሸክላ ነው።

ምክንያቱም ይህ ሙዚቃ ቁጭ ተብሎ የሚሰማ አልነበረም። እንግዳ ተጠርቶ፣ መጠጥ ቀርቦ፣ ሰው እያወራ ነው የሚጫወተው። አመድ ይረግፍበታል፣ መጠጥ ይፈስበታል፣ ሰክሮ የሚያነሳው ሰው ጣቱን ቦዩ ላይ ያሳርፋል። ከዚህ የባሰው ማጫወቻው ነው። የዚያን ዘመን የሳሎን ማጫወቻ ክንድ መርፌውን ከ5 እስከ 8 ግራም በሚሆን ክብደት ይጫን ነበር። የዛሬው መርፌ ወደ 2 ግራም ይበቃዋል። ስቴሪዮ ሸክላ ሲሆን ጉዳቱ ሌላ መልክ አለው። በስቴሪዮ ቦይ መርፌው ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታችም ይንቀሳቀሳል። የሞኖ ካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘው ክፍል) ወደ ላይና ወደ ታች እሺ ብሎ ስለማይሄድ ግድግዳውን እየፋቀ ያልፋል። አዲሱን ስቴሪዮ ሸክላ ገዝቶ በአሮጌው ሞኖ ማጫወቻ ያጫወተ ቤተሰብ ሁሉ የተወልን እንዲህ የተፋቀውን ነው።

በዓይን ሲመረመር በአንድ አምፖል ስር ሸክላውን አዘንብሎ ማዞር ነው። የፍሎረሰንት መብራት ያታልላል፣ ጭረት ይሸሽጋል። ጥቁሩ እያበራ ከዞረ ደህና ነው። ግራጫ ጥላ የመሰለ ክብ ከታየ ግን መርፌ የበላው ቦይ ነውና የትኛውም ሳሙና አይመልሰውም። ጭረቱን በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ መዳበስ፤ ጣት ካልተሰማው አብዛኛውን ጊዜ ጆሮም አይሰማውም። ማጫወት ከተቻለ ሰዓት መያዝ ይጠቅማል። በደቂቃ 33⅓ ዙር የሚሄድ ሸክላ አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ1.8 ሴኮንድ ነው። ጠቅታው በየ1.8 ሴኮንዱ ከመጣ ጭረት ነው፤ ይኖራል። ሳይቆጠር እዚህም እዚያም ከመጣ አቧራ ወይም ቆሻሻ ስለሚሆን በአጠባ ሊሄድ ይችላል። በ45 ዙር ሸክላ ልዩነቱ 1.33 ሴኮንድ ነው።

ለመሞከሪያ የመጀመሪያውን ዜማ መክፈት የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ስህተት ነው። መሞከር ያለበት የመጨረሻው ዜማ ነው። ሸክላው ወደ መሃል በሄደ ቁጥር ዙሩ ያጥርና ያው ድምፅ በጠባብ ቦታ ይጨናነቃል፤ የተበላ ቦይ መጀመሪያ የሚናገረው እዚያ ነው። ቪብራፎን ደግሞ ምስክርነቱ አይታበልም። የብረቱ ድምፅ አነሳሱ ስለታም፣ አጨራረሱ ረጅምና ንጹሕ ስለሆነ የተበላሸ ቦይ ላይ ሲደርስ እንደ ተቀደደ ወረቀት ይንዘረዘራል። የአርተር ላይማን ሸክላዎች ለዚህ የባሱ ናቸው፣ የተሻሉም ናቸው። አብዛኞቹ የተቀረጹት በዚያው በሃዋያን ቪሌጅ ሆቴል ግቢ ባለው የአሉሚኒየም ጉልላት አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የመኪናና የቱሪስት ድምፅ እንዳይገባ ከእኩለ ሌሊት በኋላ። አዳራሹ ድምፁን 3 ሴኮንድ ያህል ያስተጋባል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ እየሞተ በሚሄደው የቪብራፎን ጭራ ላይ ማንኛዋም ጠቅታ ጎልታ ትሰማለች። አንዳንዴ ግን የሚንቋቋው ሸክላው አይደለም፤ በሌሊቱ ብርድ የሚቀዘቅዘው ጉልላት ነው። ለዚያ ብሎ ሸክላ የሚያጥብ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው።

ሁልጊዜ ሞኖ ይበልጣል ማለቴ አይደለም። ሜክሲኳዊው የኦርኬስትራ መሪ ኤስኪቬል ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በ1962 የወጣው «ላቲን ኤስክ» የተቀረጸው ኦርኬስትራው ለሁለት ተከፍሎ በተለያዩ ስቱዲዮዎች ተቀምጦ፣ በጆሮ ማዳመጫ እየተገናኘ ነው። ግራው ከቀኙ እንዳይቀላቀል የተደረገ ሥራን በሞኖ መስማት ወጡን ትቶ እንጀራውን ደረቁን እንደ መብላት ነው። የዚህ ዓይነቶቹ፣ አሳታሚው አርሲኤ «ስቴሪዮ አክሽን» ብሎ ያወጣቸው፣ ሽፋናቸው ተቆርጦ ቀዳዳ የወጣለት ሲሆን በቀዳዳው የሚታየው የውስጡ ልባስ ነው። የቀዳዳው ጠርዝ ቶሎ ይቀደዳል፤ የውስጡ ልባስ ከጠፋ ደግሞ ሽፋኑ ትርጉም የለውም። በአርሲኤ ቀለበት ላይ የተጫረው ቁጥር መጀመሪያ ያለው ፊደል ዓመቱን ይናገራል፦ ጄ 1958፣ ኬ 1959፣ ኤል 1960፣ ኤም 1961፣ ኤን 1962። አራተኛው ቦታ ላይ ዋይ ካለ ስቴሪዮ ነው፣ ፒ ካለ ሞኖ።

ከ1958 በፊት የተቀረጸ ላውንጅ ሽፋኑ ላይ ስቴሪዮ የሚል ካለ ግን መጠርጠር ነው። ካፒቶል ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ አሮጌ ሞኖዎቹን ባሱን ወደ አንድ ጎን፣ ቀጭኑን ድምፅ ወደ ሌላው ጎን ገፍቶ፣ አንዱን ትንሽ አዘግይቶ «ዱኦፎኒክ» እያለ ሸጧል። ከቁጥሩ ፊት የምትጨመረው ዲ ናት ምልክቱ። የፔሩዋ ዘፋኝ ኢማ ሱማክ በ1950 የሰጠችው ድምፅ በዚያ መልክ ሲሰማ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ዋጋው ሳንቲም ቢሆንም አልገዛውም።

ርካሹንና ጥሩውን ለሚፈልግ ኮማንድ የሚባል አሳታሚ አለለት። የኮማንዱ ኢኖክ ላይት በ1959 ያወጣው «ፐርሱዌሲቭ ፐርከሽን» እጅግ ብዙ ስለተሸጠ እስከ ዛሬ በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው አይጠፋም። እንደ መጽሐፍ የሚከፈተው ጠንካራ ሽፋን በጆሴፍ አልበርስ የተነደፈ ነው፤ የሠዓሊ እጅ ያለበት ሽፋን በዚህ ዋጋ ሌላ ቦታ አይገኝም። ቦንጎው ከግራ ወደ ቀኝ ሲዘል መስማት መጀመሪያ ያስቃል፣ በሦስተኛው ዜማ ያሰለቻል። ሸክላው ግን የማጫወቻን ግራና ቀኝ ለመፈተሽ እስከ ዛሬ ያገለግላል።

መርፌን በሚመለከት፦ የ1957 ሞኖ ቦይ የተቆረጠው ጫፉ 25 ማይክሮን ለሆነ መርፌ ነው፤ የስቴሪዮው 18 ማይክሮን ያህል ነው። ባለ 18ቱ በሞኖው ቦይ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። አንዳንዴ ይህ በረከት ነው፣ የድሮው መርፌ ያልበላው ንጹሕ ግድግዳ ያገኛልና። ስለዚህ አንድ ሸክላ ከመጣሉ በፊት በሁለቱም መሞከር ተገቢ ነው። ሞኖ ሸክላ ሲጫወት አምፕሊፋየሩ የሞኖ ማብሪያ ካለው ማብራት፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመጣው ጫጫታ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ሙዚቃው ምንም አይነካም።

«አፍሮ ዴዥያ» የሚባል የዴኒ ሸክላም አለ፤ 1959። እንደ አፍሪካዊ ሳየው ሳቄ ይመጣል። አፍሪካ ሆኖሉሉ ባር ውስጥ ተሠርታ፣ ጭንብልና ቆንጆ ሴት ተጨምሮባት። በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ ሙላቱ አስታጥቄ ያንኑ ቪብራፎንና ያንኑ የላቲን ከበሮ ይዞ፣ «ዎርዚ» በሚባል አሳታሚ ሁለቱን የ«አፍሮ ላቲን ሶል» ሸክላዎች አወጣ። መሣሪያው አንድ ነው፣ ቅኝቱ ግን ከቤት የመጣ ነው። እነዚህን ሁለቱን ከላውንጁ መደርደሪያ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ እወዳለሁ። ልዩነቱ ያለማብራሪያ ይሰማል።

አጠባው ቀላል ነው። 750 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ፣ 250 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ሦስት ጠብታ ቀለምና ሽታ የሌለው የዕቃ ሳሙና። የመሃሉን ወረቀት ሳያረጥቡ፣ በለስላሳ ብሩሽ በቦዩ አቅጣጫ እያዞሩ መጥረግ፤ ከዚያ በንጹሕ ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ማለቅለቅ። ይህ ሁለተኛው ከተዘለለ ሳሙናው ቦዩ ውስጥ ደርቆ መርፌው ላይ ነጭ ጭቃ ይሰበስባል። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ኖራውን ስለሚተው አይሆንም። የ78 ዙር አሮጌ ሸክላን ግን አልኮል ፈጽሞ ሊነካው አይገባም፤ ሸክላው ይሟሟል።

100 ሸክላ ከነሽፋኑ ወደ 25 ኪሎ ይመዝናልና ስስ መደርደሪያ ይጎብጣል። ሸክላ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከተጋደመ ይጣመማል፣ ከተደራረበ ሽፋኑ ላይ ክብ ጥላ ይወጣል። የተተረተረ ሽፋን በስኮች አይጠገንም፣ ማጣበቂያው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላል፤ ትንሽ የወረቀት ሙጫ በቀጭን ብሩሽ ቀብቶ ሌሊቱን ከከባድ መጽሐፍ ስር ማሳደር ነው። የድሮው የወረቀት ልባስ ሻጋታ ከሸተተ ይጣል፣ በፖሊኤትሊን ይተካ። የፒቪሲ ፕላስቲክ ግን ከጊዜ በኋላ ሸክላው ላይ ጉም የመሰለ ነገር ይተዋል። ሽፋኑ የተዳከመበትን ደግሞ ሸክላውን ከነአዲሱ ልባስ ከሽፋኑ ጀርባ፣ በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ለየብቻ ማቆም ነው የሚሻለው።