ሰንሰለቱን ከመውቀሳችሁ በፊት የኋላውን ስፕሮኬት እዩት

ሳይክል ላይ ሞተር የገጠመ ሰው ሁሉ በሰንሰለቱ ያማርራል። ወለቀ፣ ተንጫጫ፣ ተበጠሰ። ሁሉም የሚያውቀው መፍትሔ ደግሞ አንድ ነው፦ መወጠሪያዋን፣ ማለትም ሰንሰለቱ እንዳይረግብ የምትጫነውን ባለ ፑሌጃ ብረት፣ ማጥበቅ። እኔ ፒያሳ፣ ግቢያችን ውስጥ የራሴን ስገጥም ከሌላኛው ጫፍ ነው የጀመርኩት። መወጠሪያዋን ከካርቶኗ አላወጣኋትም። ቅድሚያ የሰጠሁት ለኋላው ስፕሮኬት፣ ሰንሰለቱ ለሚጠመጠምበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት ነው።

ሞተሩ ያው የታወቀው ባለ ሁለት ምት የቻይና ሞተር ነው። «ባለ 80» እየተባለ ይሸጣል እንጂ ትክክለኛ መጠኑ 66 ሲሲ ገደማ ነው። ሰንሰለቱ 415 የሚባለው ዓይነት ነው። ከኋላ 44 ጥርስ፣ ሞተሩ ላይ 10 ጥርስ አለው። ፔዳሉ ጎማውን በቀኝ በኩል ይስባል፣ ሞተሩ ደግሞ በግራ።

ጣጣው ያለው የኋላው ስፕሮኬት አስተሳሰር ላይ ነው። ሞዞው (የጎማው መሃል ያለው ብረት) ላይ አይታሰርም። ሁለት ክብ ላስቲኮች፣ አንዱ ከሽቦዎቹ ውጭ አንዱ ከውስጥ ሆነው፣ በ9 ቡሎን ሽቦዎቹን ይጨምቃሉ። ቸርኬው 36 ሽቦ ስላለው በየ4 ሽቦው አንድ ቡሎን ይደርሳል። ላስቲክ ደግሞ ባጠበቃችሁበት በኩል ይሰምጣል። አንዱን ቡሎን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ጎረቤቱ የሚያልፍ ሰው ስፕሮኬቱን አጣምሞ እያሰረ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ሳይክል የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አሉ። ቁልፍ ይዤ ሲያዩኝ «አንተ፣ ከማጥበቅህ በፊት ቸርኬውን አሽከርክረህ አታየውም እንዴ?» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ አሽከረከርኩት። ለካ ራሱ ቸርኬው ይወላገዳል! ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እያጠበቁና እያላሉ አቃኑልኝ። የሻይ እንኳን አልቀበልም አሉ። ቸርኬው ካልቀና፣ ጎማውም ፍሬሙ መሃል ቀጥ ብሎ ካልተቀመጠ፣ ከዚያ በኋላ የምትለኩት ሁሉ ውሸት ነው።

ከዚያ ሳይክሉን ገለበጥኩት። አንድ ጠንካራ ሽቦ ፍሬሙ ላይ አሰርኩና ጫፉን ጥርሶቹን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አቆምኩት። ጎማውን በእጄ ቀስ እያልኩ አዞርኩ። ሽቦው ጥርሶቹን በነካበት ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። (በእጅ ብቻ ነው ታዲያ። ሞተር እየሠራ ጣት ወደዚያ አይጠጋም።) መጀመሪያ ከፍና ዝቅ ማለቱን ነው ማስተካከል። የስፕሮኬቱ የመሃል ቀዳዳ ከሞዞው ሰፋ ስለሚል ስፕሮኬቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። እኔ የለስላሳ ቆርቆሮ በቀጭኑ ቆርጬ ሞዞውን ጠቀለልኩበትና ክፍተቱን ሞላሁት።

ግራና ቀኝ መወዛወዙ ትዕግሥት ይፈልጋል። ስፕሮኬቱ ወደ ውጭ በወጣበት በኩል ያለውን ቡሎን ሩብ ዙር ታጠብቃላችሁ፣ ታዞራላችሁ፣ ታያላችሁ። ቡሎኖቹ 9 ስለሆኑ አንዳቸውም ትክክለኛ ትይዩ የላቸውም። ስለዚህ በየ4 እየዘለልኩ ሄድኩ፦ 1፣ 5፣ 9፣ 4፣ 8፣ 3፣ 7፣ 2፣ 6። ውዝዋዜው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሲወርድ በቃኝ አልኩ።

ቀጥሎ የሁለቱ ስፕሮኬቶች መስመር ነው። ምናለሽ ተራ ያገኘሁትን ቀጥ ያለ የመስኮት አሉሚኒየም ከኋላው ስፕሮኬት ጥርሶች ጎን አስደግፌ ጫፉን እስከ ሞተሩ ድረስ አደረስኩት። የኋላው ወደ ውስጥ ገብቷል። ስፕሮኬቱ ሳህን መሰል ጎድጓዳ ስለሆነ ገልብጦ ማሰር ጥቂት ሚሊ ሜትር ያሸሸዋል። ገለበጥኩት፣ ማቃናቱንም ከሀ ጀመርኩ። የቀረውን ልዩነት ሞተሩን ማሰሪያው ላይ በትንሹ በማዞር ጨረስኩት።

አሁን ገና የመወጠሪያዋ ተራ ደረሰ። ሰዎች የፔዳሉንም የሞተሩንም ሰንሰለት ጎማውን ወደ ኋላ በመሳብ ብቻ ለመወጠር ይታገላሉ። አይሆንም። ጎማውን ስትስቡ ሁለቱም ሰንሰለቶች አብረው ይጠብቃሉ። እኔ ጎማውን በፔዳሉ ሰንሰለት ልክ አሰርኩት። የሞተሩን ሰንሰለት ትርፍ ቀለበቶች አወጣሁ። የቀረችውን ልልነት ብቻ ለመወጠሪያዋ ተውኩላት። ጎማውን እያዞርኩ ሰንሰለቱ በጣም የሚወጠርበትን ቦታ ፈለግኩ። እዚያ ላይ በጣት ሲጫኑት 12 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲረግብ አደረግኩ። የመወጠሪያዋ ብረት ጠማማ ስለነበር ሞርሳ ላይ አስሬ አቃናሁት። ፑሌጃዋ ከሰንሰለቱ ጋር አንድ መስመር ካልያዘች ሰንሰለቱን ራሷ ትገፋዋለች።

መወጠሪያ የሚፈተነው ዳገት ላይ ይመስለናል። ሽቅብ ሲወጣ ግን የሚወጠረው የላይኛው ሰንሰለት ነው። መወጠሪያዋ ያለችው ታች ነው። እሷን የሚያስጨንቃት ቁልቁለት ነው፤ ነዳጅ መስጫውን ለቃችሁ ሞተሩ ጎማውን ሲይዘው የታችኛው ሰንሰለት ቀጥ ይልና ይስባታል። ማሰሪያዋ ከተንሸራተተ ሽቦዎቹ ውስጥ ትገባለች፣ ጎማውም ድርቅ ይላል።

ስለዚህ ማሰሪያዋንና ፍሬሙን የሚያገናኝ መስመር በእህቴ የጥፍር ቀለም ቀባሁ። የፈቃዱን ነገር ቀድሜ ስለጨረስኩ ቸርችልን ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር በሞተሩ እየያዝኩ ወረድኩ። ታች ደርሼ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀለሙ አልተላቀቀም። የስፕሮኬቱ ቡሎኖች ግን ላስቲኩ ስለሰመጠ ላላ ብለዋል። እዚያው ዳር ቆሜ ከ1 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 9 እያልኩ ደግሜ አጠበቅኳቸው።