ክሩዙ ርካሽ ነው፤ ቲፑና ጭማሪውስ?

ባለፈው ሰመር ቤተሰቤን ይዤ ከባልቲሞር ወደብ በክሩዝ (በመዝናኛ መርከብ) ወደ ባሃማስ ሄጄ ነበር። ከተመለስኩ ወዲህ ስለ ባሕሩ የጠየቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የሁሉም ጥያቄ «ጠቅላላ ስንት ፈጀብህ?» ነው። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ጠይቀውኛል። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ትኬቱ እውነትም ርካሽ ነው። ማደሪያው፣ ምግቡና መዝናኛው ተደምሮ ሲታይ እኛን ያስከፈለን እዚሁ ሜሪላንድ ባሕር ዳር ኦሻን ሲቲ ሆቴል ይዘን ምግብ ውጭ ብንበላ ከምናወጣው ብዙም አይበልጥም። መርከቡ ግን በትኬት ብቻ አይኖርም። እግራችሁ ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ የሚሸጥላችሁ ነገር አያልቅም። ጥሬ ገንዘብ ደግሞ አይሠራም። ስትሳፈሩ የሚሰጣችሁ ካርድ የክፍላችሁም ቁልፍ፣ መክፈያችሁም እሱው ነው። እሱን እየነካካችሁ ስትውሉ ገንዘብ ከኪሳችሁ የወጣ አይመስላችሁም።

እኔ ከመሄዴ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ወጪውን ለሁለት ከፈልኩት። አንደኛው ሠራተኛው እጅ የሚገባ ነው፤ ሁለተኛው ኩባንያው ካዝና የሚገባ። በሁለተኛው ላይ ያለ ምንም ይሉኝታ ቆጠብኩ። በመጀመሪያው ላይ ግን ሳንቲም አልቀነስኩም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከትላልቆቹ ኩባንያዎች አብዛኞቹ በየቀኑ፣ በእያንዳንዱ ሰው ላይ የሚቆርጡት ቲፕ አለ። በ2024 መጨረሻ ላይ ካርኒቫል ለተራ ክፍል 16 ዶላር፣ ሮያል ካሪቢያን 18.50፣ ኖርዌጂያን 20 ዶላር ነበር የሚያስከፍሉት። ስዊት፣ ማለትም ሰፊውንና ውዱን ክፍል የያዘ ከዚያ በላይ ይከፍላል። ልጆችም እንደ አዋቂ ነው የሚቆጠሩት። ሂሳቡን ስሩት፤ አራት ሰው ለሰባት ሌሊት በ16 ዶላር ሲሰላ 448 ዶላር ነው። በ20 ዶላር ከሆነ 560። ትኬቱ ሲታይ አብሮ የማይታይ ገንዘብ ይኼ ነው። ብዙ ሰው ደግሞ መርከቡ ላይ ሆኖ ሂሳቡን ሲያይ ነው የሚደነግጠው።

ገንዘቡ ክፍል ለሚያጸዳው፣ ለአስተናጋጆቹና በዓይን ለማታዩዋቸው ሠራተኞች ይከፋፈላል። ምድር ቤት ልብስ የሚያጥበውም፣ ኩሽና የሚሠራውም ከዚያ ድርሻ አለው። ከፈለጋችሁ እንግዳ መቀበያው ጋ ሄዳችሁ ማስቀነስ፣ አብዛኞቹ ኩባንያዎች ላይም ጨርሶ ማስነሳት ትችላላችሁ። የመጨረሻው ማታ ላይ እዚያ ጋ የተሰለፈውን ሰው ብታዩ ጉድ ትላላችሁ። በቀን ሦስቴ ተነጥፎላቸው ሲበሉ የሰነበቱ ሰዎች፣ በእረፍታቸው ማብቂያ የሰው ድርሻ ሊያስቀንሱ ቆመዋል።

የእኛም ሰዎች በዚህ ይከራከሩኛል። «ደሞዝ መክፈል ያለበት ኩባንያው ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?» ይላሉ። ነገሩ ትክክል ነው። መርከቦቹ አብዛኞቹ የባሃማስ ወይም የፓናማ ባንዲራ ነው የሚያውለበልቡት፤ ስለዚህ የአሜሪካ የደሞዝ ሕግ እነሱን አይነካም። ባለ ውጭ ባንዲራ መርከብ በ1886 በወጣ ሕግ ምክንያት ከባልቲሞር አንስቶ ባልቲሞር ለሚመልሳችሁ ጉዞ መሃል ላይ አንድ የውጭ ወደብ መርገጥ አለበት። ባሃማስ ቅርብ ናት፤ መርከብ የሚበዛባትም ለዚህ ጭምር ነው። ሠራተኛው ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከሕንድ በኮንትራት መጥቶ ወራት ሙሉ ያለ እረፍት ቀን ይሠራል። አሠራሩ ፍትሐዊ ነው አላልኩም። ግን እኔ ቲፑን ባስነሳ ኩባንያው ደሞዝ አይጨምርም። የሚጎዳው የሚያገለግለን ልጅ ነው። ልጁ ምን አጠፋ?

እንዲህ የምለው ደግነት ስለበዛብኝ አይደለም። ዲሲ እንደመጣሁ ፓርኪንግ ነበር የምሠራው። ደሞዙ ለቤት ኪራይ፣ የቀረው ሁሉ ከቲፕ። ዝናብ እየወረደብኝ መኪናውን አምጥቼለት፣ ቁልፉን ተቀብሎኝ መስኮቱን ዘግቶ የሚሄደው ሰው ፊቱ እስካሁን አይጠፋኝም። ሁለት ዶላር አጣጥፎ «አመሰግናለሁ» የሚለኝም እንደዚያው።

ቲፑን ቀድሜ ከቤት ከትኬቱ ጋር ከፈልኩት። ለሁለት ነገር ይጠቅማል። ከጉዞው በፊት ዋጋ ቢጨምሩ እናንተን አይመለከትም። መርከቡ ላይ ደግሞ የሂሳብ ራስ ምታት ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ለሚሰጠው አንድና አምስት ዶላር እየዘረዘርኩ በፖስታ ይዤ ነበር። ወደቡ ላይ ሻንጣ የሚቀበሏችሁ ሰዎች የመርከቡ ሠራተኞች አይደሉም፤ ከዕለታዊው ቲፕ የሚደርሳቸው የለም። ለአንድ ሻንጣ አንድ ሁለት ዶላር የተለመደ ነው።

ክፍላችንን የሚያጸዳው ልጅ ከኢንዶኔዥያ የመጣ ነው። ከእናቴ ጋር አንድም ቃል አይግባቡም። ጠዋት ጋሪውን እየገፋ ኮሪደሩ ላይ ሲመጣ ግን ድምፁን ለይታ በሩን ትከፍትለታለች። ዳቦ ቆሎ በፌስታል ይዛ ነበር፤ በእጁ ሞልታ ትሰጠዋለች። እሱም ማታ ፎጣ በዝሆን ቅርጽ አጣጥፎ አልጋዋ ላይ ያስቀምጥላታል። የመጨረሻ ቀን ሃያ ዶላር በጣም አሳንሳ አጥፋ፣ እንደ እኛ አገር በሰላምታ መሃል መዳፉ ውስጥ አኖረችለት። «እናትህን በሰላም ያገናኝህ» አለችው በአማርኛ። ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። እኔ ላስተረጉም ብዬ ነበር፤ አላስፈለገም።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ኩባንያው ካዝና ወደሚገባው ወጪ እንምጣ፤ ስስት የሚፈቀድበት።

መጠጥ ትልቁ ነው። ባር ላይ የምትገዙት ሁሉ ላይ ከ18 እስከ 20 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ በራሱ ይጨመራል። ይኼ ራሱ ቲፕ ነው። ከዚያ የምትፈርሙበት ደረሰኝ ላይ ደግሞ «ተጨማሪ ቲፕ» የሚል ባዶ መስመር አለ። አይታችሁ ካላነበባችሁ ሁለቴ ትከፍላላችሁ። ባዶውን በሰረዝ ዘግታችሁ ፈርሙ። ለባርቴንደሩ ልዩ ነገር መስጠት ከፈለጋችሁ በእጁ ስጡት።

«የፈለጋችሁትን ያህል ጠጡ» የሚባለው ፓኬጅ በቀን የሚታሰብ ነው። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ በላዩ ላይም የአገልግሎት ክፍያው ይጨመራል። ዋናው ወጥመድ ግን ሌላ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ አዋቂ ከገዛ ሌሎቹም አዋቂዎች እንዲገዙ ያስገድዳሉ። ባለቤቴ አትጠጣም። እኔ ከማታ ራት ጋር አንድ ብርጭቆ ወይን ይበቃኛል። ለዚያ ብዬ የሁለት ሰው ፓኬጅ አልገዛም። አብዛኞቹ ኩባንያዎች እያንዳንዱ አዋቂ በመሳፈሪያው ቀን አንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ወይን በእጅ ሻንጣ እንዲያስገባ ይፈቅዳሉ። ይኼንን ተጠቀምንበት። ጠርሙሱ በፋብሪካ የታሸገ መሆን አለበት፤ የቤት ጠጅ ይዛችሁ ብትሄዱ በር ላይ ትቀራላችሁ። ምግብ ቤት ወስዳችሁ ካስከፈታችሁ ያስከፍላሉ፤ ክፍላችሁ ውስጥ ከጠጣችሁት ግን ማንም አይጠይቃችሁም። ልጆቹ ሎሚናትና ውሃ ከቡፌው በነጻ ሲጠጡ ሰነበቱ። ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ የሚጠብቃችሁን የታሸገ ውሃ ግን ነጻ መስሏችሁ እንዳትከፍቱት።

ምግብ ላይ አንድም ተጨማሪ አላወጣንም። ስቴክ ቤቱ ለብቻው ያስከፍላል፤ ዋናው የመመገቢያ አዳራሽና ቡፌው ግን በትኬቱ ውስጥ ናቸው። እኔ የፈራሁት ለእናቴ ነበር፤ ፍልሰታ ላይ ነበርና የሄድነው። ስጋቴ ለከንቱ ሆነ። አዳራሹ ውስጥ የሕንድ የአትክልት ምግብ በየማታው አለ። የመጀመሪያ ማታ አስተናጋጁን ጠርቼ ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ የሚባል እንዳይነካው ብዬ አስረዳሁት። በማግስቱ እሱ ራሱ መጥቶ የሚቀጥለውን ማታ ምግብ አስቀድሞ ያስመርጣት ጀመር። ምስር፣ ድንች፣ ጎመን፣ ሩዝ። «እንጀራ ብቻ ነው የጎደለው» አለች። ለዚህ ተጨማሪ ዋጋ የለም። ለአስተናጋጁ ግን የመጨረሻ ማታ ፖስታ አዘጋጅተንለት ነበር።

ኢንተርኔቱ ይጎዳል። ለአንድ ስልክ በቀን ከ20 ዶላር በላይ ነው። ለሁላችንም ከመግዛት ለአንድ ስልክ ብቻ ገዛን። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ እናቴ ደሴ ስትደውል ሁላችንም ዝም እንላለን። ወደብ እንደለቀቃችሁ ስልኮቻችሁን ሁሉ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ። መርከቡ የራሱ የሞባይል ኔትወርክ አለው፤ ስልካችሁ ሳታውቁት እዚያ ላይ ከተንጠለጠለ ሂሳቡ ወር ቆይቶ ነው የሚመጣው። የመርከቡ አፕ ግን ያለ ፓኬጅም ይሠራል፤ ሂሳባችሁን እዚያ ላይ በየማታው ማየት ትችላላችሁ።

የባሃማስ ዋና ከተማ ናሶ ላይ መርከቡ የሚያዘጋጀው ጉብኝት አለ። እኛ በእግራችን ነው የወጣነው። ከወደቡ ጥቂት እንደተራመዳችሁ የንግሥቲቱ ደረጃ የሚባለው አለ፤ በ1790ዎቹ በባርነት የተያዙ ሰዎች ከድንጋዩ ፈልፍለው የሠሩት ነው፤ ስሙን በኋላ በንግሥት ቪክቶሪያ ሰየሙት። እናቴ ግድግዳውን በእጇ ዳሰስ አድርጋ «ላሊበላን መሰለኝ» አለች። እዚያ ታሪኩን ለሚተርኩ ሰዎች ጥቂት ዶላር መስጠት ደግ ነው። ጃንካኑ የሚባለው የባሕር ዳርቻም ከወደቡ በእግር ይደረሳል፤ መግቢያ የለውም። የባሃማስ ዶላር ከአሜሪካው ጋር አንድ ለአንድ ነው፤ በየሱቁም የአሜሪካውን ይቀበላሉ። መልስ ስትቀበሉ ግን በአሜሪካ ዶላር ጠይቁ፤ የእነሱን ይዛችሁ ብትመለሱ አሜሪካ የሚቀበላችሁ ሱቅ የለም። ምግብ ቤት ከገባችሁ ደግሞ 10 በመቶ ቫት አለ፤ ቲፕም ብዙ ጊዜ ሂሳቡ ውስጥ ቀድሞ ይገባል። ደረሰኙን ሳታዩ እንዳትጨምሩ።

በእግር መውጣት የሚያዋጣው ግን ወደቡ ከከተማው ሲጠጋ ነው። ሩቅ ቦታ ከሄዳችሁና ከዘገያችሁ የመርከቡን ጉብኝት ገዝቶ የወጣውን ሰው መርከቡ ይጠብቃል፤ በራሳችሁ የወጣችሁትን እናንተን አይጠብቅም። ሩቅ ለመሄድ ብናስብ እኔም ከመርከቡ እገዛ ነበር።

ሰው የማያስበው ወጪ ሕክምና ነው። እናቴ ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ አላት። ሜዲኬር ግን መርከቡ ከአሜሪካ ወደብ ከስድስት ሰዓት ጉዞ በላይ ከራቀ አይሸፍንም። የመርከቡ ሐኪም ደግሞ ሂሳቡን ካርዳችሁ ላይ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ለእሷ የጉዞ ኢንሹራንስ ከውጭ ገዛሁ፤ ዋጋውን አነጻጽሬ። ይኼን ወጪ ስስት በሚለው በኩል አልመደብኩትም። ወላጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከመጠጡም ከኢንተርኔቱም በፊት እሱን ጨርሱ።

ትኬት ስትገዙ የምታዩት ዋጋ ድሮ የወደብ ክፍያና ግብር ያልገባበት ነበር። ከጁላይ 2024 ወዲህ በካሊፎርኒያ ሕግ ምክንያት ትላልቆቹ ኩባንያዎች እነዚህን አብረው ማሳየት ጀምረዋል። ዕለታዊው ቲፕ ግን አሁንም ከዚያ ውጭ ነው።

የመጨረሻው ሌሊት ሂሳቡን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኛ ሁላችን ተኝተን በነበረበት ሰዓት ካዚኖው አጠገብ ካለው ባር የተመዘገበ ኮክቴል ነበረበት። እንግዳ መቀበያው ጋ ሄድኩ። ልጅቷ ሰዓቱንና የክፍሉን ቁጥር አይታ፣ የጎረቤታችን ሂሳብ እኛ ላይ መጻፉን ነግራኝ ሰረዘችው። ደቂቃ አልፈጀባትም። ጠዋት ግን ብመጣ ሰልፉ ደረጃው ድረስ ደርሶ ነበር። ስለዚህ በማታው ጨርሱት።

ስትሳፈሩ ደግሞ የምታስመዘግቡት ክሬዲት ካርድ ይሁን። ዴቢት ከሆነ ለየቀኑ ወጪ እያሉ ከሂሳባችሁ ላይ ገንዘብ ይይዛሉ፤ የተያዘው እስኪለቀቅ ቤታችሁ ከገባችሁ በኋላም ቀናት ይወስዳል፤ የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ሰሞን ላይ ከገጠመ ደግሞ ችግር ነው።