ጠፍጣፋ ፕራይመር ብቻውን አይመሰክርም

የአደን ጥይታቸውን በቤታቸው የሚሞሉ ሰዎች ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች ሁሉ አብዝቶ የሚያሳስበኝ ስለ ከፍተኛ ግፊት የሚነሳው ነው። በቅርቡ ከእኔ ጋር እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክ የተባለውን ትልቅ አጋዘን የሚያድን አንድ ወንድሜ ከ.300 ዊንቸስተር ማግነም ጠመንጃው የወጡ ባዶ ቀለሆች አምጥቶ አሳየኝ። በቀለሁ ቂጥ ላይ የሚቀመጠው፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ክዳን፣ ማለትም ፕራይመሩ፣ ጠፍጥፎ ጠርዙ ከዙሪያው ጋር ተስተካክሏል። ወንድሜ «ግፊቱ በዝቷል፤ ባሩዱን ልቀንስ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ፕራይመር በማየት ብቻ የሚሰጥ ስላልሆነ ነገሩን በዝርዝር ለመጻፍ ወሰንሁ።

በመጀመሪያ የምንነጋገርበትን ኃይል ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የጥይትና የጦር መሣሪያ አምራቾች ማኅበር መስፈርት መሠረት የ.300 ዊንቸስተር ማግነም ከፍተኛው አማካይ ግፊት 64,000 ፓውንድ በካሬ ኢንች ነው፤ ይህም የአንድ መኪና ጎማ ከሚይዘው አየር ግፊት ሁለት ሺሕ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ይህን የሚችለው የጠመንጃው ብረት እንጂ የቀለሁ ነሐስ አይደለም፤ ነሐሱ በብረቱ ተደግፎ ጋዙን ይዘጋል እንጂ ብቻውን ይህን ያህል ሊቋቋም አይችልም። ስለዚህ ነሐሱ መፍሰስ ሲጀምር፣ ማለትም የምናያቸው ምልክቶች ሲወጡ፣ ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከተፈቀደው ወሰን አልፏል። ምልክት አለመታየቱም የደኅንነት ማረጋገጫ አይሆንም።

የወንድሜን ቀለሆች ስመረምር በመጀመሪያ ያየሁት ቂጣቸውን ነበር። ቀለሁን የሚያስወጣው የመዝጊያው ፒን በተቀመጠበት ቦታ ላይ የሚያብለጨልጭ ክብ ምልክት ከታየ፣ ነሐሱ በግፊት ተገዶ ወደ ፒኑ ቀዳዳ ገብቷል ማለት ነው፤ ይህን ያየ ሰው ተኩሱን እዚያው ማቆም አለበት። በወንድሜ ቀለሆች ላይ ግን ይህ አልነበረም። መዝጊያውም፣ ብዙዎች ቦልት የሚሉት፣ ያለ ትግል ይነሳ እንደነበር ነገረኝ። አዲስ ፕራይመር ሲያስገባም ጉድጓዱ አጥብቆ ይይዝ ነበር፤ ጉድጓዱ ላልቶ ፕራይመሩ ያለ ተቃውሞ የሚገባ ቢሆን ኖሮ ቀለሁ ተበላሽቷልና መጣል ነበረበት። ከአራቱ ምልክቶች አንዱ ብቻ ነበር የታየው፤ እርሱም ከሁሉ ይልቅ አሳሳቹ ነው።

ማግነም በሚባሉት ብርቱ ጥይቶች፣ ቀበቶ ባላቸው ዘንድ፣ ለዚህ ልዩ ምክንያት አለ። በቀለሁ ቂጥ ዙሪያ ያለው ወፈር ያለ ቀለበት፣ ቀበቶ የሚባለው፣ በ1912 ከወጣው .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የተወረሰ ሲሆን ቀለሁ በጠመንጃው ውስጥ የሚቆምበትን ቦታ ይወስናል። በ1963 የወጣው .300 ዊንቸስተር ማግነም ግን በትከሻውም፣ ማለትም ቀለሁ ወደ አንገቱ በሚጠብበት ቦታ፣ ላይ ሊቆም ይችላል። የተተኮሰውን ቀለህ ወደ ልኩ የሚመልሰው የማስተካከያ ሻጋታ ወደ ታች አብዝቶ ከተጠመዘዘ ትከሻው ወደ ኋላ ይገፋል፤ በተኩስ ጊዜ የቀለሁ ግድግዳ ከጠመንጃው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ሲቆም ፕራይመሩ ወደ ኋላ ይወጣል፣ ወዲያው ቀለሁ ተስቦ ወደ መዝጊያው ሲደርስ ፕራይመሩ ተመልሶ ይጨፈለቃል። እንዲህ ያለው ፕራይመር መካከለኛ ባሩድ ቢኖርበትም ጠፍጣፋ ይሆናል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው፤ ከቀበቶው ትንሽ ከፍ ብሎ ነሐሱ ይሳሳል፣ በመጨረሻም ሊበጠስ ይችላል። ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ወደ ቀለሁ ውስጥ ሰድደው ግድግዳውን ቢዳብሱ የሳሳው ቦታ እንደ ጎድጎድ ይሰማል። የወንድሜ ችግር ይኸው ነበር፤ መፍትሔው ባሩድ መቀነስ ሳይሆን ሻጋታውን ትከሻው በ2 ሺሕኛ ኢንች ገደማ ብቻ ወደ ኋላ እንዲመለስ አድርጎ ማስተካከል ነው።

የፕራይመሩ መካከል እሳተ ገሞራ አፍ መስሎ ከፍ ሲልም እንዲሁ መቸኮል አይገባም። ፕራይመሩን የሚመታው መርፌ የሚወጣበት ቀዳዳ ሰፊ በሆነ ጠመንጃ ላይ ይህ በመደበኛ ጥይትም ይታያል፤ ስለዚህ በዚያው ጠመንጃ የፋብሪካ ጥይት ተኩሶ ሁለቱን ማነጻጸር የተሻለ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚታመነው ምስክር የፍጥነት መለኪያው፣ ክሮኖግራፍ የሚሉት፣ ነው። የሙሌት መመሪያው በ24 ኢንች በርሜል፣ በ180 ግሬን አረር (ከቀለሁ ወጥቶ በሚበረው የጥይት ጫፍ)፣ በከፍተኛው ባሩድ የሚሰጠው ፍጥነት 3,000 ጫማ በሰከንድ ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ያንዱ ሰው ጠመንጃ በዚያው በርሜል ርዝመት 3,150 ከሰጠ፣ ተጨማሪው ፍጥነት ከግፊት የመጣ ነው፤ ፕራይመሩ ምንም ቢያምርም።

ግፊቱ በእውነት ከበዛ መንስኤውን አንድ በአንድ መፈለግ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የቀለሁ ርዝመት ነው፤ የዚህ ቀለህ ወሰን 2.620 ኢንች ሲሆን ከዚያ ካለፈ አንገቱ በጠመንጃው ጉሮሮ ተቆንጥጦ አረሩን አይለቅምና ግፊቱ ይዘላል። አረሩ ከበርሜሉ ጠመዝማዛ ቦይ ጋር እስኪነካካ ወደ ፊት ወጥቶ ከተቀመጠም እንዲሁ። የሌላ ፋብሪካ ቀለህ ግድግዳው ወፍራም ከሆነ ውስጡ ይጠባል፤ ሁለቱን መዝኖ ማወዳደር ልዩነቱን ያሳያል። አዲስ የባሩድ ጣሳ፣ የማግነም ፕራይመር በመደበኛው መተካት ወይም የተገላቢጦሽ፣ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ አረር፣ እነዚህ ሁሉ ወደ መመሪያው መነሻ መጠን እንድንመለስ ያስገድዳሉ። ሚዛኑንም በሚታወቅ ክብደት መፈተን አይዘንጋ። በጠመንጃው ውስጥ የቀረ ዘይት ግፊቱ ባይጨምርም ቀለሁ ግድግዳውን እንዳይዝ አድርጎ በመዝጊያው ላይ ያለውን ጫና ያበዛል። ሙቀትም አለ፤ በቀዝቃዛ ወር የተሞከረ ከፍተኛ ሙሌት በሐምሌ ፀሐይ በመኪና ውስጥ ከቆየ በኋላ የተለየ ነገር ሊሆን ይችላል። እንደ ሆጅደን ኤች1000 ያሉ ሙቀትን የሚቋቋሙ ባሩዶች ይህን ይቀንሳሉ እንጂ አያጠፉትም።

ባሩድ ሲቀነስም ልክ አለው፤ በዝግታ የሚነድ ባሩድ ከመመሪያው መነሻ በታች መውረድ የለበትም፣ አቀጣጠሉ ሊዛባ ይችላልና። ከፍተኛ ግፊት ካሳየው ሙሌት የቀረ ጥይት ካለም «ተኩሼ ልጨርሰው» ማለት አይገባም፤ በማውጫ መዶሻ አረሩን ነቅሎ ባሩዱን መጣል፣ ቀለሁንም ለክቶ ከወሰኑ ያለፈ ከሆነ መቁረጥ፣ ከዚያም ከመነሻው መጠን እንደገና መጀመር ነው የሚሻለው።