አየር የሚስብ ሞተር

ስለ ማኒፎልድ ጋስኬት፣ ማለትም አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው አካል ከሞተሩ ጋር ሲገናኝ አየር እንዳይሾልክ ስለሚዘጋው ማሸጊያ፣ ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ የዕቃው ትንሽነት ነው። ማኒፎልዱ ላይ በተቀረጸ ቦይ ውስጥ የተኛች ቀጭን የጎማ ክር ናት። ሃያ ዓመት ያህል ስትሞቅና ስትቀዘቅዝ ኖራ ትደርቃለች፤ ክብ የነበረው ጀርባዋ ይደፈጠጣል፤ ተጭና የመመለስ ኃይሏ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ሚኒቫን ጠዋት ጠዋት እየተንቀጠቀጠ ይነሣል፣ ሚኒሞው፣ ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሽከረከርበት ዝቅተኛ ዙር፣ ይዋዥቃል፣ የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ካንዴላ ይለውጣል፣ ቀጥሎ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ቦቢና፣ ቀጥሎ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ኦክስጅን ሴንሰር። ይህን ማስታወሻ የምይዘው ጋስኬት መለወጥ ረቂቅ ሥራ ስለሆነ አይደለም። አየሩ የሚገባበትን ሳያገኙ መፍታት፣ ገጹንም ሳያዘጋጁ መግጠም፣ አንዱን ሥራ ሁለቴ የሚያሠሩት እነዚህ ስለሆኑ ነው።

ምልክቱ የራሱ ጠባይ አለው። በቀዝቃዛው ይብሳል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይሻለዋል። ፕላስቲኩና ጎማው በሙቀት ተለጥጠው ክፍተቱን በከፊል ይዘጉታል። በዚያ ላይ ኦክስጅን ሴንሰሩ እስኪሞቅ ድረስ ኮምፒውተሩ ጭስ ውስጥ የቀረውን አየር ስለማያውቅ ነዳጅ ጨምሮ ማካካስ አይችልም። ሞቆ ሲሻለው «አልፎለታል» ብሎ መተው ግን ጥሩ አይደለም። አየር የበዛበት ሲሊንደር እሳት ይስታል፤ ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ካታሊስት፣ ኤግዞስቱ ላይ ወዳለው የጭስ ማጽጃ፣ ሄዶ እዚያ ይቃጠላል፣ ካታሊስቱንም ያቀልጠዋል። መብራቱ በርቶ ከመቆየት አልፎ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ጉዳዩ እዚህ ደርሷል ማለት ነው።

ስካነር፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ፣ ያለው ሰው የመጀመሪያውን ፍርድ ኮፈን ሳይከፍት መስጠት ይችላል። የቤንዚን ሞተር ለ1 ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ነዳጁን የሚመጥነው የአየር መጠን ሴንሰሩ በቆጠረው አየር ነው፤ ከሴንሰሩ በኋላ ሾልኮ የገባውን አየር አያውቀውም፣ በኋላ ኦክስጅን ሴንሰሩ ሲነግረው ነዳጅ ይጨምራል። የሚጨምረው መጠን በአጭር ጊዜና በረዥም ጊዜ ማስተካከያ ቁጥሮች ላይ ይታያል፤ ሁለቱን ደምሮ ማንበብ ነው። በሚኒሞ ድምሩ 22 በመቶ ሆኖ፣ ዙሩን ወደ 2500 አድርሰው ሲይዙት ወደ 5 ከወረደ፣ ሞተሩ አየር ይስባል። በሚኒሞ ስሮትሉ፣ የአየር መግቢያው በር፣ ስለሚዘጋ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ቫክዩም፣ የመሳቡ ኃይል፣ ትልቅ ነው፤ ጤነኛ ሞተር በባሕር ወለል ከፍታ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል፣ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ደግሞ 1 ኢንች ያህል ይቀንሳል። ሞተሩ የሚፈልገው አየር በዚያ ሰዓት ጥቂት ስለሆነ ሾልኮ የሚገባው ድርሻ ጎልቶ ይወጣል። በ2500 ዙር ሞተሩ ብዙ እጥፍ አየር ይወስዳል፣ ቀዳዳው ግን ያው ቀዳዳ ነው። ነገሩ ተገልብጦ በሚኒሞ ደህና፣ በጭነት ጊዜ ደግሞ ቁጥሩ የሚያሻቅብ ከሆነ ማኒፎልዱን አትንኩ፤ የነዳጅ ፓምፕና ፊልትሮ፣ ወይም የቆሸሸ የአየር ሴንሰር ነው።

ስካነሩ የሚያሳየው የብልሽት ኮድም የሚናገረው አለ። ፒ0171 የባንክ 1፣ ፒ0174 የባንክ 2 ድብልቅ ሳስቷል፣ አየሩ በዝቶ ነዳጁ አንሷል፣ ማለት ነው፤ ባንክ የሲሊንደሮች አንድ ረድፍ ነው፣ ባንክ 1 ሁልጊዜ ሲሊንደር ቁጥር 1 ያለበት ወገን ነው። አንዱ ብቻ ሲመጣ በዚያ ወገን በታችኛው ማኒፎልድና በሞተሩ መካከል ያለውን የታችኛውን ጋስኬት እጠረጥራለሁ። ሁለቱ አብረው ሲመጡ አየሩ የሚገባው ለሁለቱም ከሚያካፍል ቦታ ነው፦ ከላይኛው ማኒፎልድ፣ የሞተሩን ሆድ ጋዝ ወደ ማኒፎልዱ ከሚመልሰው የፒሲቪ ቱቦ፣ የፍሬን ፔዳሉን ከሚያግዘው የሰርቮ ቱቦ፣ ወይም በአየር ሴንሰሩና በስሮትሉ መካከል ካለው ትልቅ የጎማ ቱቦ እጥፋት። አየር የሚቆጥር ሴንሰር የሌላቸው፣ በማኒፎልድ ግፊት ብቻ የሚሠሩ ሞተሮች ግን ሌላ ናቸው። ሾልኮ የገባው አየር ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርገው ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምርለታል፤ ስለዚህ ኮድ ላይወጣ ይችላል፣ የሚታየው ሚኒሞው ከፍ ማለቱ ብቻ ነው።

የሚኒቫን ችግር ቦታው ነው። ቪ6 ሞተሩ በአግድም ተቀምጦ ግማሹ ከንፋስ መስታወቱ ሥር ካለው ሽፋን በታች ይገባል፣ በሙቀት ቶሎ የሚበሰብሱት አጫጭር የጎማ ክርኖች፣ የቱቦ መታጠፊያዎቹ፣ እዚያው ናቸው። ማኒፎልድ ከመፍታት በፊት በመስታወትና በመብራት እነሱን አንድ በአንድ ማየት፣ በጣት ማጠፍ ያስፈልጋል። የተሰነጠቀ ክርን ሲታጠፍ አፉን ይከፍታል፤ ዝም ብሎ ሲታይ ግን ደህና ይመስላል። የፍሬን ፔዳል ከጠነከረ ደግሞ የሰርቮው ቱቦ ከሁሉ ይቀድማል፤ እሱ የሚኒሞ ጉዳይ አይደለም፣ የመቆም ጉዳይ ነው።

ለመፈለግ ጭስ የሚነፋ መሣሪያን የሚተካከል የለም። ግፊቱ ከ1 ፒኤስአይ በታች፣ ማለትም ከ7 ኪሎፓስካል ያነሰ ይሁን፤ ከዚያ ካለፈ ጤነኛ ጎማ ይገፋል። ሙከራው ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ በርዶ ካደረ በኋላ መሆን አለበት፣ ጋለ ሞተር ላይ ክፍተቱ ተዘግቶ ይሸውዳል። የካርቡራቶር ማጽጃ መርጨት የተለመደ ነው፣ እኔ ግን አልወደውም። ጋለ ኤግዞስት ላይ ሲያርፍ እሳት ነው፤ በንፋስ ተወስዶ በአየር ማስገቢያው ከገባም የተሳሳተ ቦታ ያስጠረጥራል። ንጹሕ ውሃ በጥሩ ማርከፍከፊያ፣ ከኤሌክትሪክ ሶኬቶች አርቆ፣ ጋስኬቱ መስመር ላይ ቢረጭ ይበቃል። ውሃው ክፍተቱን ለአፍታ ይደፍነዋል፣ የሞተሩም ድምፅ ይለወጣል።

ጭስም ውሃም የማያሳዩት አንድ ዓይነት አለ፤ ብዙ ባለሙያ የሚደክምበት ይኼ ነው። የታችኛው ጋስኬት በውስጥ በኩል፣ በሁለቱ ቴስታታ፣ በሲሊንደሮቹ ክዳኖች፣ መካከል ባለው ሸለቆ ወገን ሲለቅ፣ ሞተሩ የሚስበው ከውጭ አየር ሳይሆን ከራሱ ሆድ ያለውን የዘይት ጭጋግ ነው። ከውጭ ምንም አይታይም። ዘይት ይጎድላል፣ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፣ የዘይት መሙያ ክዳኑም ተስቦ የተጣበቀ ያህል ይከብዳል። ለማረጋገጥ የፒሲቪውን ቱቦ መቆንጠጥ፣ የመተንፈሻውን ቱቦ መድፈን፣ ከዚያ በዘይት መለኪያው ቀዳዳ ላይ የቫክዩም ጌጅ መሰካት ነው። ሁለቱም መንገዶች ተዘግተው ሳለ ጌጁ ቫክዩም ካሳየ፣ የሚስበው ጋስኬቱ ነው። ጭስ ወደ ማኒፎልዱ ሲነፋም በዘይት መሙያው አፍ ብቅ ይላል፤ ነገር ግን በፒስተን ቀለበቶች በኩልም ሊወጣ ስለሚችል እንደ ጌጁ አላምነውም።

ለመፍታት ከመነሣት በፊት ዕቃው ሁሉ እጅ ላይ ይግባ፦ የላይኛው ጋስኬት፣ የታችኛው ጥንድ፣ የስሮትሉ ጋስኬት፣ ነዳጅ ለሚረጨው ለእያንዳንዱ ኢንጀክተር ሁለት ሁለት የጎማ ቀለበት፣ በቪ6 12 ማለት ነው፣ የፒሲቪ ቫልቭ ከነክርኑ፣ ጥቂት የቫክዩም ቱቦ። በብዙ ሚኒቫን የኋላዎቹ ሦስት ካንዴላዎች የሚደረሱት የላይኛው ማኒፎልድ ሲነሣ ነው፤ በዚያ ቀን አለመለወጣቸው ያሳዝናል። ውሃ በማኒፎልዱ ውስጥ የሚያልፍበት ሞተር ከሆነ ኩላንትም ይጨመር።

አፈታቱ ራሱ አጭር ነው። ሞተሩ ፍጹም ይብረድ። የነዳጅ ፓምፑ ፊውዝ ተነቅሎ ሞተሩ እስኪጠፋ ይሠራ፣ ግፊቱ ይረግባል፤ ከዚያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነሣ። ቡሎኖቹ ከዳር ወደ መሃል፣ በሁለት ዙር ይላላሉ። ቡሎኖቹን በተበሳ ካርቶን ላይ እንደ ቦታቸው መሰካት የልጅ ሥራ ይመስላል፣ ግን ርዝመታቸው ይለያያል። ረጅሙ ቡሎን በአጭሩ ቀዳዳ ከገባ ጫፉ ከታች ይነካና የጠበቀ ይመስላል፤ ማኒፎልዱን ግን አልያዘውም። የተከፈቱት የአየር በሮች ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይዘጉ፣ ጨርቆቹም ይቆጠሩ። በዚያ የገባ ሮንዴላ ከአሉሚኒየም ከሆነ ማግኔት አያወጣውም።

አሮጌውን ጋስኬት ወዲያው አትጣሉት፤ ሙሉ ታሪኩ በላዩ ተጽፏል። ደርቆ ጠፍጣፋ ከሆነ ዕድሜ ነው። አብጦ ከለሰለሰ ዘይት በልቶታል፣ ያ ማለት ፒሲቪው ከሚገባው በላይ ዘይት እየሳበ ነው፤ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል። የተቆረጠ ከሆነ ሲገጠም ከቦዩ ወጥቶ ተቆንጥጧል። የፎርድ ዊንድስታር 3.8 ሊትር ቪ6 የዘይቱ ጉዳይ የታወቀ ምሳሌ ነው። የላይኛውን ማኒፎልድ የሚይዙት ቡሎኖች ጎማ አላቸው፤ በፒሲቪ በኩል የሚመጣው ዘይት ጎማውን ያባብጠዋል፣ አየር በቡሎኑ ዙሪያ ይገባል፣ 0171 እና 0174 አብረው ይወጣሉ። እዚያ ጋስኬት ብቻ መለወጥ አይበቃም፦ ቡሎኖቹም ከነጎማቸው ይለወጣሉ፣ የፊተኛው የቫልቭ ሽፋንም ዘይቱን በሚያግድ በተሻሻለው ይተካል።

ቀኑን የሚወስደው ጽዳቱ ነው፣ መውሰድም አለበት። በፕላስቲክ መፋቂያ፣ በሟሟ በራሰ ጨርቅ፣ በትዕግሥት። በመሰርሰሪያ የሚሽከረከር የመፈግፈጊያ ዲስክ አሉሚኒየም ላይ መጠቀም ክልክል መሆን አለበት ባይ ነኝ። ገጹን በየቦታው ይሰረጉደዋል፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ ከዲስኩ የሚረግፈው ጠንካራ ብናኝ ነው፣ ወደ ሸለቆው ወርዶ ዘይት ውስጥ ይገባና ክራንኩ የሚዞርባቸውን ብሮንዚኖች ይበላል። ገጹ ከጸዳ በኋላ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቁመት፣ በአግድምና በሰያፍ አኑሮ ከሥሩ ያለውን ክፍተት በስፔሶሜትር፣ በቀጫጭን የመለኪያ ምላሶች፣ መለካት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው ከ0.10 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ነው፣ የሞተሩ መመሪያ የሚለው ግን ይበልጣል። የተጣመመ የፕላስቲክ ማኒፎልድ አይላግም፤ ይለወጣል።

የጎማ ጋስኬት በደረቁ ይገጠማል። ሲሊኮን የሚቀባ ሰው የረዳ ይመስለዋል፤ ሲሊኮኑ ግን ያንሸራትተዋል፣ ቡሎኑ ሲጠብቅ ጎማው ከቦዩ ይወጣል። ሲሊኮን ቦታ ያለው ማኒፎልዱ የሞተሩን ብሎክ በሚገናኝባቸው የፊትና የኋላ ጫፎችና ማዕዘኖች ብቻ ነው፣ እዚያም የኦክስጅን ሴንሰር የማይጎዳ ዓይነት፣ 5 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት፣ ሳይደርቅ ተገጥሞ። የኢንጀክተር ቀለበቶች ግን ጠብታ ንጹሕ የሞተር ዘይት ይፈልጋሉ፤ በደረቁ ሲገፉ ይቀደዳሉ።

ቡሎኖቹ ሁሉ መጀመሪያ በእጅ ይጀመሩ። ከመሃል ወደ ዳር፣ ግራ ቀኝ እየተፈራረቁ፣ በሦስት ዙር ይጥበቁ። ላይኛውን ማኒፎልድ የሚይዝ 6 ሚሊሜትር ቡሎን ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ይወስዳል፤ መመሪያው 10 ካለ በ5፣ በ8፣ በ10 ማድረስ ነው። ይህ በጣም ትንሽ ኃይል ስለሆነ እጅ ያታልላል። የጎማ ቡሎን የሚያጠብቀው ትልቁ የቶርክ ቁልፍ ከ20 በታች አያነብም፣ ከ5 እስከ 25 የሚያነበው ትንሹ ያስፈልጋል። የቡሎኑ ጥርስ ይጽዳ፣ ይድረቅ። ዘይት የነካው ጥርስ በዚያው ቶርክ ቡሎኑን ከሚገባው በላይ ይወጥረዋል። «ይበልጥ ቢጠብቅ ይበልጥ ይዘጋል» የሚለው እምነት እዚህ ስሕተት ነው፦ ጎማው የሚጨመቀው ሁለቱ ገጾች እስኪነካኩ ነው፣ ከዚያ በኋላ የተጨመረው ኃይል ሁሉ ፕላስቲኩን ለመሰንጠቅ ይውላል። ቁም ቡሎኖችና ሰያፍ ቡሎኖች ያሉት የታችኛው ማኒፎልድ ከሆነ ቁሞቹ ቀድመው ይጠበቁ፤ ሰያፎቹ ከቀደሙ ማኒፎልዱን ወደ ጎን ይጎትቱትና ጫፎቹ ዘይት ያፈሳሉ።

ከማስነሣት በፊት ቁልፉን ሦስት አራት ጊዜ ከፍቶ መዝጋት፣ ፓምፑ ግፊት ሲሞላ የኢንጀክተሮቹን ዙሪያ በመብራት ማየት ነው። ቤንዚን የሚሸተው በዚህ ሰዓት ይሽተት፣ ሞተሩ ሲግል ሳይሆን። ኩላንት የወረደለት ሞተር አየሩ ይውጣለት፣ መጀመሪያ ሲበርድም መጠኑ እንደገና ይታይ። የጭሱ ሙከራ ሽፋኑ ከመመለሱ በፊት ይደገም።

ሲነሣ ሚኒሞው መጀመሪያ ላይ ቢወዛወዝ አያስደነግጥ፣ ኮምፒውተሩ ሚኒሞውን እንደገና ይማራል። የድሮው ትምህርት ካልተሰረዘ ማስተካከያው ወደ 15 ኔጌቲቭ ሊወርድ ይችላል፤ ለነበረው አየር የጨመረውን ነዳጅ አሁን እየቀነሰ ነው። ሁለት ጊዜ ሌሊቱን በርዶ አድሮ ከተነሣና ከተነዳ በኋላ ድምሩ በሚኒሞም በ2500 ዙርም ከዜሮ ከ5 በመቶ በላይ ሳይርቅ፣ ቢበዛ ከ10 ሳያልፍ መቀመጥ አለበት። በሚኒሞ አሁንም 12 ወይም 13 ካሳየ፣ ከጋስኬቱ በፊት ከላይኛው ማኒፎልድ ሥር ያለችውን፣ ሲመለስ ሳትሰካ የቀረችውን ቀጭን ቱቦ ፈልጉ።