በነጭ ቀለም የሸፈንኩት ሸራ

በአንድ የስዕል ማስተማሪያ ስቱዲዮ የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት፣ አዲስ ተማሪዎች ከመግባታቸው በፊት በመጋዘኑ የተከመሩትን አሮጌ ሸራዎች ነጭ ቀለም ቀብቼ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ሸራ ውድ ስለሆነ ትእዛዙ አልገረመኝም፤ በሁለት ቀን አሥራ አንዱን ጨረስኩ።

በሳምንቱ፣ በስቱዲዮው የሚያስተምሩ አንድ አዛውንት ሰዓሊ ጀምረው ያስቀመጡትን ስዕል ፍለጋ መጡ። ከነጮቹ ሸራዎች አንዱን አንሥተው ወደ መስኮቱ ወሰዱና አዘነበሉት። ብርሃኑ በጎን ሲያርፍበት ከነጩ ቀለም ሥር የብሩሽ ሰንበሮችና ጎንበስ ያለ ትከሻ የሚመስል ጉብታ ታዩ። «ምን ነበረበት?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። ስዕሉን መሸፈኔ አሳፍሮኛል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳላየው መሸፈኔ ግን ከዚያ የባሰ ነበር።

አንድ ወጣት መምህር ሊያጽናናኝ ፈልጎ፣ «ጋሼ፣ ማጥፋትም እኮ ፈጠራ ነው፤ ራውሸንበርግስ ያደረገው ይህንኑ አይደል?» አላቸው።

አዛውንቱ አልተቆጡም። አሜሪካዊው ሰዓሊ ሮበርት ራውሸንበርግ እ.ኤ.አ. በ1953 ስዕልን በላጲስ ብቻ መሥራት ይቻል እንደሆነ ለማወቅ በመጀመሪያ የራሱን ንድፎች ማጥፋቱን፣ ያ አልበቃ ሲለው ዝነኛውን ሰዓሊ ዊለም ደ ኩኒንግን ቤቱ ድረስ ሄዶ ስዕል መለመኑን በዝርዝር ነገሩን። ደ ኩኒንግ ሐሳቡን ባይወደውም ፈቀደ፤ ሲሰጥም እንደዋዛ የሚጣል ወረቀት አልሰጠም፣ ቢጠፋ የሚቆጨውንና ለማጥፋት የሚያስቸግረውን መረጠ። ራውሸንበርግ ብዙ ላጲስ ጨርሶ ሳምንታት ከደከመ በኋላ ወረቀቱ በወርቃማ ፍሬም ገባ፤ የጠፋው የደ ኩኒንግ ስዕል መሆኑን የሚገልጸውንም ጽሑፍ ሰዓሊው ጃስፐር ጆንስ ጻፈበት። ዛሬ በሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

«እሱ የሚያጠፋውን ያውቅ ነበር፤ ባለቤቱንም ጠይቋል» አሉ አዛውንቱ።

እኔም ማጥፋት ፈጠራ ሊሆን እንደሚችል የማምነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። የጠፋውን ሥራ ከአጥፊው በላይ በትኩረት ያየው ሰው ላይኖር ይችላልና፤ መስመር በመስመር እየተከተለ የሚፍቅ እጅ ያንን መስመር ማጥናቱ አይቀርም። የእኔ ሰፊ ብሩሽ ግን ምንም አላጠናም። ዛሬ አንድ ሸራ ከመቅባቴ በፊት ሠሪውን አፈላልጌ እጠይቃለሁ፣ ፎቶም አነሣለሁ፤ ሥራው ይዘገያል፣ አለቆቼም ለምደውታል።

አዛውንቱ በዚያ ቀን እርሳስ ሰጥተውኝ፣ የነበረውን ስዕል እየነገሩኝ በሸራው ጀርባ አስጻፉኝ፦ እናታቸው ቡና ሲወቅጡ፣ በስተግራ ከሰል ማንደጃ፣ ያላለቀ። ከሥሩ የሳሉትን የእሳቸውን ስም፣ ቀጥሎም የሸፈንኩትን የእኔን ስምና ቀኑን ጻፍኩ። ሸራውን ለተማሪ አልሰጠነውም።