የኩብ ክሪስታሎችን ስሌት ያለ ሽምደዳ የያዝኩበት መንገድ

52.4፣ 68 እና 74። የኩብ ክሪስታሎችን የተማረ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ያውቃቸዋል። ከዩኒት ሴሉ (እየተደጋገመ ክሪስታሉን ከሚሠራው ትንሽ ሳጥን) ይዘት ወይም ቮልዩም ውስጥ አቶሞቹ የያዙት ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራሉ፤ ፓኪንግ ኢፊሸንሲ የሚባለው ይሄ ነው። ሸምድዶ መፈተን ይቻላል። እኔ ግን አንድ ቁጥር ከየት እንደመጣ ካላየሁ ልቤ አያርፍም። ስለዚህ ሰንጠረዡን ዘግቼ ወረቀትና እርሳስ ያዝኩ።

ለሦስቱም የኩብ አደራደሮች ያነሳሁት ጥያቄ አንድ ነው፦ አቶሞቹ የሚነካኩት በየትኛው መስመር ላይ ነው?

ተራው ኩብ አያስቸግርም። አቶሞቹ በስምንቱ ጥጎች ተቀምጠው በጠርዙ ላይ ይነካካሉ። ጠርዙ ሁለት ሬዲየስ ይሆናል። አንድን የጥግ አቶም ስምንት ሴሎች ስለሚጋሩት፣ በድምሩ ለአንድ ሴል የሚደርሰው አንድ አቶም ነው። አቶሙን እንደ ሉል ወስጄ ይዘቱን ለኩቡ ይዘት ሳካፍል ፓይ ሲካፈል ለ6 መጣ፤ 52.4 በመቶ። በተለመደው ሁኔታ እንዲህ የሚደረደር ንጥረ ነገር ፖሎኒየም ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የወሰድኩት መሀሉ ላይ አቶም ያለበት ኩብ ላይ ነው። እዚህ የጥግ አቶሞች እርስ በርስ አይነካኩም። ሁሉም የሚነኩት የመሀሉን ነው። ስለዚህ መለካት ያለበት ከአንዱ ጥግ ተነስቶ ኩቡን ሰንጥቆ ተቃራኒው ጥግ የሚደርሰው መስመር ነው። ፓይታጎረስን ሁለቴ ስንጠቀም፣ መጀመሪያ በፊቱ ላይ፣ ቀጥሎ በኩቡ ውስጥ፣ መስመሩ የጠርዙ ስኩዌር ሩት 3 እጥፍ ይሆናል። በመስመሩ ላይ ደግሞ አራት ሬዲየስ ተሰልፏል፦ ከየጥጉ አንድ አንድ፣ ከመሀሉ ሁለት። ጠርዙ 2.31 ሬዲየስ ገደማ ወጣ። በሴሉ ውስጥ ሁለት አቶሞች አሉ፤ ውጤቱ 68 በመቶ። ስዕሉን በእጄ ባልስለው ኖሮ ያቺን በጥግ አቶሞች መካከል ያለች ክፍተት አላያትም ነበር።

በየፊቱ አቶም ያለበት ኩብ ከዚህ በኋላ ቶሎ አለቀ። መስመሩ የፊቱ ሰያፍ ነው፣ አቶሞቹ አራት፣ ውጤቱ 74.05 በመቶ። እኩል ሉሎችን ከዚህ በላይ አጠጋግቶ መደርደር እንደማይቻል ኬፕለር በ1611 ገምቶ ነበር። ቶማስ ሄልስ ማረጋገጫውን ያቀረበው በ1998 ነው። እንዲህ ቀላል የሚመስል ነገር ያን ያህል ዘመን መፍጀቱ እስካሁን ይደንቀኛል።

በሦስቱም ስሌቶች ሬዲየሱ መጨረሻ ላይ ተጣፋ። አቶሙ ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ መቶኛው አይለወጥም። እፍግታን ያስረዳኝ ይሄ ነው። እፍግታ የሚገኘው በሴሉ ውስጥ ያሉትን አቶሞች ክብደት ለሴሉ ይዘት በማካፈል ነው። ወርቅና አሉሚኒየምን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሁለቱም በየፊቱ አቶም ያለበት ኩብ ናቸው። የወርቅ ጠርዝ 408 ፒኮሜትር (አንድ ፒኮሜትር የሜትር ትሪሊዮንኛ ነው)፣ የአሉሚኒየም 405። ሳጥኑ አንድ ነው ማለት ይቻላል። እፍግታቸው ግን 19.3 እና 2.70 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው። ልዩነቱን ያመጣው የአቶሙ ክብደት ነው፤ በአቶሚክ ማስ ዩኒት 197 እና 27። ተንግስተን ደግሞ 68 በመቶ ብቻ ሞልቶ ከወርቅ ጋር እኩል ሊባል በሚችል እፍግታ ላይ ይገኛል። አቶሙ ከወርቅ ትንሽ ቢቀልም ሴሉ ጠባብ ነው።

ለስሌቱ የምመክረው አንድ ነገር፦ ፒኮሜትሩን ወደ ሴንቲሜትር ቀይራችሁ ከዚያ ኪዩብ አድርጉት (ጠርዝ × ጠርዝ × ጠርዝ)። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ዜሮዎቹ ይምታታሉ።

ከሁሉም ያስተማረኝ ብረት ነው። 912 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሲደርስ ከ68ቱ አደራደር ወደ 74ቱ ይዞራል። ሬዲየሱ ባይለወጥ ኖሮ ይዘቱ 8 በመቶ ያህል መቀነስ ነበረበት። በተግባር የሚቀንሰው 1 በመቶ ገደማ ነው። የአንድ አቶም ጎረቤቶች ከ8 ወደ 12 ሲያድጉ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ይሰፋል። ስለዚህ አሁን ሬዲየስ ከሰንጠረዥ ስወስድ ለየትኛው አደራደር እንደተለካ ሳላይ ስሌት አልጀምርም።